የቤት ብድርና የሾላ ገበያ ቀን መቁጠሪያ

(ለሕዝብ ክፍት በሆነው የፋኩልቲው የገለጻ መርሐ ግብር ላይ የቀረበ ንግግር)



የዛሬው ርእሴ የከተማችን የቤት ብድር ድጋፍ እንዴት ይሻሻል የሚል ነው። ስለዚህ ጉዳይ ስንነጋገር ብዙ ጊዜ የምንጀምረው ከባንኩ ወይም ከከተማው አስተዳደር ነው። እኔ ዛሬ ከሾላ ገበያ ልጀምር። ምክንያቴ ሁለት ነው። አንደኛው፣ ይህ ፕሮግራም ሲታሰብ ሊደርስላቸው የታሰቡት ሰዎች በብዛት የሚገኙት በእንዲህ ዓይነት ስፍራ መሆኑ ነው። ሁለተኛው የግል ነው፤ አክስቴ በዚያ ገበያ ቅቤ፣ ዓይብና እንቁላል በመሸጥ ዕድሜያቸውን አሳልፈዋል። በቤት ብድር ጉዳይ ያማከርኳቸውም እኔ ነኝ። ምክሬ ጥሩ አልነበረም። ለምን ጥሩ እንዳልነበረ ለመረዳት የፈጀብኝ ጊዜ ነው የዚህን ንግግር ሐሳብ የሰጠኝ።

አስቀድሜ የመጣንበትን መንገድ በአጭሩ ላስታውስ። በሐምሌ 1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት አደረገ። ዝቅተኛ ኪራይ የሚከፈልባቸው ቤቶች በቀበሌ፣ ከፍ ያለ ኪራይ ያላቸው ደግሞ በኪራይ ቤቶች አስተዳደር ሥር ገቡ። በ1968 ዓ.ም. የቤቶችና ቁጠባ ባንክ ተቋቋመ። ይህ ባንክ ለረጅም ዘመን በአገራችን የቤት ብድር ሲባል ቀድሞ የሚጠራ ስም ነበር፤ በኋላ ኮንስትራክሽንና ቢዝነስ ባንክ ተብሎ፣ በመጨረሻም በ2008 ዓ.ም. ከኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ጋር ተዋሕዷል። ከዚህ ታሪክ ልብ እንድትሉልኝ የምፈልገው አንድ ነገር ነው። በኪራይ ዝቅተኛነት የኖረው ድጋፍ ቤቱን ለያዘው ሰው ደረሰ፤ ቤት ላልያዘው፣ ከጊዜ በኋላ ወደ ከተማው ለመጣው ግን አልደረሰም። ድጋፉ የተያያዘው ከሰው ጋር ሳይሆን ከቤት ጋር ነበርና።

የጋራ መኖሪያ ቤቶች ፕሮግራም የመጣው ይህን ክፍተት ለመሙላት ነው። አቶ አርከበ ዕቁባይ ከንቲባ በነበሩበት ዘመን በ1996 ዓ.ም. የሙከራው ግንባታ በቦሌ ገርጂ ተጀመረ። በ1997 ዓ.ም. በተደረገው ምዝገባ ከ450 ሺህ በላይ ነዋሪ ተመዘገበ። በ2005 ዓ.ም. ምዝገባው ታድሶ 10/90፣ 20/80 እና 40/60 የተባሉት አማራጮች ቀረቡ። ቁጥሮቹ ትርጉማቸው ግልጽ ነው፤ የመጀመሪያው ቁጥር ነዋሪው አስቀድሞ የሚቆጥበው፣ ሁለተኛው በብድር የሚሸፈነው ድርሻ ነው። በ20/80 የወር ቁጠባው ለስቱዲዮ 151 ብር፣ ለባለ አንድ መኝታ 274፣ ለባለ ሁለት መኝታ 561፣ ለባለ ሦስት መኝታ 685 ብር ነበር። በዕጣው ለሴቶች 30 በመቶ፣ ለመንግሥት ሠራተኞች 20 በመቶ ተለየ። በየካቲት 2011 ዓ.ም. ብቻ 51,229 ቤቶች ዕጣ ወጥቶባቸዋል።

ይህን ሥራ ማቃለል አልፈልግም። ከገርጂ እስከ የካ አባዶ ያሉት ሕንጻዎች በዓይን የሚታዩ ናቸው፤ በውስጣቸው ቤተሰብ አድጓል፤ የግል ቤት ይኖረኛል ብሎ አስቦ የማያውቅ ሰው የይዞታ ማረጋገጫ በእጁ ይዟል። ጉድለቱም በአደባባይ የታወቀ ነው። በሐምሌ 2014 ዓ.ም. የወጣው 14ኛው ዙር ዕጣ የመረጃ ማጭበርበር ተገኝቶበት ተሰርዞ በ2015 ዓ.ም. በድጋሚ ወጥቷል። ስለ ዕጣው ፍትሐዊነት ብዙ ተብሏል፤ ሊባልም ይገባዋል። እኔ ግን የማተኩረው ብዙ ባልተባለበት ጉዳይ ላይ ነው፤ ዕጣው በትክክል ከወጣ በኋላ ዕድለኛው ወይም ዕድለኛዋ ምን ይገጥማቸዋል?

ወደ አክስቴ ልመለስ። በ1997 ዓ.ም. ሲመዘገቡ የትኛውን ዓይነት ቤት ልምረጥ ብለው ጠየቁኝ። እኔ ወጣት መምህር ነበርኩ። «እትዬ፣ ባለ ሁለት መኝታውን ይምረጡ፤ መንግሥት የሚደግፈው እስከሆነ ድረስ ትልቁን መውሰድ ነው የሚያዋጣው» አልኳቸው። እርሳቸው ስቱዲዮው ይበቃኛል ብለው ነበር። «የተማርከው አንተ ነህ፣ ልጄ» ብለው ቃሌን ተቀበሉ።

በስሌት ረገድ አልተሳሳትኩም ነበር፤ ይህን ላሳያችሁ። አንድ ሰው 500,000 ብር በ10 በመቶ ዓመታዊ ወለድ ለ20 ዓመት ተበደረ እንበል። ቁጥሩ የማስረጃ ሳይሆን የማስረጃያ ምሳሌ ነው። ወርኃዊ ክፍያው 4,825 ብር ገደማ ይሆናል። ከተማው ወለዱን በድጎማ ወደ 8 በመቶ ቢያወርደው ክፍያው 4,182 ብር ይሆናል፤ ተበዳሪው በየወሩ 643 ብር ይቀርለታል። የተበደረው አንድ ሚሊዮን ብር ቢሆን ደግሞ የሚቀርለት 1,286 ብር ነው። እንግዲህ ተመልከቱ፤ በወለድ በኩል የሚሰጥ ድጋፍ ትልቅ ለተበደረ ትልቅ፣ ትንሽ ለተበደረ ትንሽ ነው። «ትልቁን ይውሰዱ» ያልኩት ይህን አይቼ ነበር። በእርግጥ ድጋፉ ራሱ እንዲህ ብሎ ይመክራል። ጥፋቱ የመካሪው ብቻ አይደለም፤ ምክሩን ትክክል ያስመሰለው የድጋፉ አሠራር ነው።

ያላየሁት ነገር ግን ነበር። የአክስቴ ገቢ የወር ገቢ አይደለም። ቅቤና እንቁላል የሚሸጥ ሰው ዓመቱን የሚቆጥረው በአጽዋማትና በበዓላት ነው። ለእንቁጣጣሽ፣ ለገና፣ ለፋሲካ ሰሞን ከሌሊቱ 11 ሰዓት ጀምሮ ገበያው ይጨናነቃል፤ በአንድ ሳምንት የሚገኘው ትርፍ ከሌላው ወር ይበልጣል። ዐቢይ ጾም ሲገባ ግን ለ55 ቀን የቅቤ ገዢ ይጠፋል። በፍልሰታም 15 ቀን እንዲሁ ነው። በዚያው ጊዜ ከአጠገባቸው ምስርና ሽሮ የሚሸጡት ባልንጀራቸው ደህና ይውላሉ። የሁለቱ ዓመታዊ ገቢ ተቀራራቢ ሊሆን ይችላል፤ ገንዘቡ የሚመጣበት ወር ግን የተለያየ ነው። የባንኩ ሰንጠረዥ በበኩሉ 12 እኩል ወሮችን ብቻ ያውቃል። ዕጣው አክስቴን በሴትነታቸው ለይቶ አይቷቸዋል፤ የክፍያ ሰንጠረዡ ግን በነጋዴነታቸው አላያቸውም።

ቁጠባውን በሚመለከት ፕሮግራሙ ሌላም ያላየው ነገር ነበር፤ የዋጋ ንረት። በየወሩ 561 ብር ለ60 ወር የቆጠበ ሰው፣ ወለዱን ሳንጨምር፣ 33,660 ብር ይኖረዋል። ይህ ገንዘብ ዋጋው 168,300 ብር ለሆነ ቤት በትክክል 20 በመቶ ነው። የቤቱ ዋጋ በዓመት በ15 በመቶ ቢጨምር ግን በአምስት ዓመት ውስጥ በእጥፍ ያድጋል። ያኔ ያው 33,660 ብር የዋጋው 10 በመቶ ብቻ ይሆናል። ቆጣቢዋ አንድም ወር ሳያቋርጡ ግማሽ መንገድ ላይ ቀርተዋል ማለት ነው። ይህ እንደ ቆጣቢዋ ስንፍና የሚታይ አይደለም፤ ነገር ግን ልዩነቱን በአጭር ቀን አምጪ የሚባሉት እርሳቸው ናቸው።

አክስቴ ዕጣ ሲወጣላቸው የሆነው ይኸው ነው። የጎደለውን ቅድመ ክፍያ የሞላላቸው ባንክም ከተማም አልነበረም፤ የገበያው እቁብ ነው። ተራቸው ገና ነበር። የእቁቡ ዳኛ አባላቱን ሰብስበው፣ ተረኛዋ ለአክስቴ ለቀቁላቸው። ቁልፉን ተቀብለን የሄድን ቀን ቤቱ ግድግዳና ጣሪያ ነበረው፤ የወለል ንጣፉ፣ ቀለሙ፣ የወጥ ቤቱ ዕቃ ግን በባለቤቱ የሚሞላ ነበር። ለዚያ የሚሆን ገንዘብ በብድሩ ውስጥ አልታሰበም። ቤቱም ከከተማው ዳር ነው፤ ሌሊት ተነሥተው ሾላ የሚያደርሳቸው ትራንስፖርት የለም።

ስለዚህ አክስቴ ምን አደረጉ? ቤቱን አከራዩት። ተከራዩ የወለሉን ሥራ ራሱ አሠርቶ ከኪራዩ ተቀናነሰለት። የኪራዩ ገንዘብ ለባንኩ ይገባል። እርሳቸው ከገበያው በእግር ሩብ ሰዓት በሚያስኬድ ግቢ ውስጥ በአንዲት የኪራይ ክፍል ይኖራሉ። አንድ ቀን ስለ ቤቱ ስጠይቃቸው «ቤቱ የባንኩ ልጅ ነው፤ እኔ አሳዳጊው ነኝ» አሉኝ።

የተከበራችሁ ታዳሚዎች፣ ኮንዶሚኒየም ደርሶት የሚያከራይ ሰው ብዙ ጊዜ ይወቀሳል። «ቤት የሌለው መስሎ ወሰደ» ይባላል። እኔም አስተምር በነበርኩበት ክፍል እንዲህ ያለውን ነገር የፕሮግራሙ መክሸፍ ምልክት አድርጌ አቅርቤዋለሁ። አሁን የማየው በሌላ መልኩ ነው። አክስቴ ያደረጉት የብድሩን ፕሮግራም ማሻሻል ነው። የጎደለውን ቅድመ ክፍያ በእቁብ፣ የማጠናቀቂያውን ወጪ በተከራይ፣ የጾሙን ወራት ክፍያ በኪራይ ሸፈኑ። እኛ በጥናትና በመመሪያ ልናሻሽለው የምንከራከርበትን ሥራ ተበዳሪዎቹ በየግላቸው አሻሽለውታል፤ ዋጋውንም ከኪሳቸው ከፍለዋል። አክስቴ የከፈሉት ዋጋ በራሳቸው ቤት አለመኖር ነው። ስለዚህ መነሻችን እነርሱ የሠሩትን ማንበብ መሆን አለበት።

ከማንበብ በፊት ከሌሎች አገሮች ሁለት ምሳሌ ልጥቀስ፤ አንዱ የሚያበረታታ፣ ሌላው የሚያስጠነቅቅ ነው። በባንግላዴሽ የግራሚን ባንክ እ.ኤ.አ. ከ1984 ጀምሮ ለገጠር ድሆች የቤት ብድር ሰጥቷል። ክፍያው በየሳምንቱ በትንንሹ ነበር፤ ቤቱ የሚሠራበት መሬትም በተበዳሪዋ ስም መሆን ነበረበት። ፕሮግራሙ እ.ኤ.አ. በ1989 የአጋ ካን የሥነ ሕንጻ ሽልማት አግኝቷል። እዚያ የተደረገው ብድሩን ወደ ገቢው አመጣጥ ማቅረብ ነው። የሚያስጠነቅቀው ምሳሌ የሜክሲኮ ነው። እ.ኤ.አ. በ1972 የተቋቋመው ኢንፎናቪት የተባለ ተቋም አሠሪዎች ከደመወዝ መጠን አስልተው በሚከፍሉት መዋጮ እጅግ ብዙ ቤቶችን በብድር አስገኝቷል። ነገር ግን ለረጅም ጊዜ ዕዳው ከዝቅተኛ የደመወዝ ወለል ጋር አብሮ እንዲያድግ ተደርጎ ስለነበር፣ ለዓመታት የከፈሉ ሰዎች ዕዳቸው ከፍ ብሎ አገኙት። ከሥራ ቦታ ርቀው የተሠሩ በርካታ ቤቶችም ባዶ ቀሩ። ከዚህ የምንማረው፣ የዋጋ ንረትን ሙሉ በሙሉ በተበዳሪው ትከሻ ላይ መጫን መፍትሔ አለመሆኑን፣ የቤቱ ርቀትም የብድሩ አካል መሆኑን ነው።

እንግዲህ ምን ይሻሻል? አራት ሐሳብ አቀርባለሁ።

አንደኛ፣ የድጋፉ መጠን ከብድሩ ትልቅነት ይላቀቅ። በወለድ ቅናሽ የሚባክነው ገንዘብ ለእያንዳንዱ ብቁ ቤተሰብ እኩል በሆነ የተወሰነ ድጋፍ ቢተካ፣ «ትልቁን ውሰድ» የሚለው ምክር ይቀራል። ስቱዲዮ ይበቃኛል ያለ ሰው በመምረጡ አይቀጣም። ይህ ድጋፍም በ20 ዓመት ውስጥ ተበትኖ ከሚሰጥ ይልቅ ችግሩ ባለበት ጊዜ፣ ማለትም ቅድመ ክፍያ በሚጎድልበትና ቤቱ በሚጠናቀቅበት በመጀመሪያው ዓመት ይሰጥ።

ሁለተኛ፣ የቁጠባው ግብ በየዓመቱ በግልጽ ይነገር። ቆጣቢው የቤቱ ግምታዊ ዋጋ ዛሬ ስንት እንደሆነና የእርሱ ቁጠባ ስንት በመቶ እንደደረሰ በየዓመቱ ቢያውቅ፣ ወይ ቁጠባውን ያሳድጋል፣ ወይ ወደ አነስተኛ ቤት ይዛወራል። ሳያቋርጥ ለቆጠበ ሰው ደግሞ ከጭማሪው የተወሰነውን ድርሻ ፕሮግራሙ ይሸከም። ግንባታው የዘገየው በቆጣቢው ምክንያት አይደለምና።

ሦስተኛ፣ የክፍያው ቀን መቁጠሪያ በተበዳሪው ገቢ ይቀረጽ። በምሳሌዬ የዓመቱ ክፍያ 57,900 ብር ነው። ይህ በ12 ወር ሲከፈል 4,825፣ በ10 ወር ሲከፈል 5,790 ብር ይሆናል። ቅቤ ነጋዴዋ ሁለቱን የጾም ወራት ነጻ አድርገው በዓሉ በሚበዛበት ጊዜ ጨምረው ይክፈሉ፤ ጎረቤታቸው ምስር ነጋዴ የተለየ ይምረጡ፤ ከእንጦጦ እንጨት ተሸክመው የሚወርዱት እናት ክረምቱን ያስቡበት። ባንኩ በዓመት የሚሰበስበው ያው ነው። የሚለወጠው፣ ሁለት ወር ያልከፈለ ሰው እንደ ዕዳ አቋራጭ ከመቆጠሩ በፊት መቼ መክፈል እንደሚችል መጠየቁ ነው።

አራተኛ፣ የቁጠባው ታሪክ እንደ ገቢ ማስረጃ ይቆጠር። ከ20/80 ውጭ ያለው የባንክ የቤት ብድር በአብዛኛው የደመወዝ ማረጋገጫ ወይም የታወቀ የንግድ ሒሳብ ይፈልጋል። አሁን ደግሞ የከተማው ትኩረት በማኅበር ወደ መደራጀትና አስቀድሞ ከፍ ያለ ገንዘብ ወደሚጠይቁ አማራጮች አዘንብሏል። የጉልት ነጋዴ የደመወዝ ወረቀት የለውም። ነገር ግን 60 ወር ሳያቋርጥ ገንዘብ ያስገባ ሰው፣ ለእቁቡም በየሳምንቱ የከፈለ ሰው፣ ከማንኛውም ወረቀት የተሻለ ማስረጃ አቅርቧል። ደመወዝ ትላንት ምን እንደተከፈለን ይናገራል፤ ያልተቋረጠ ቁጠባ ሰውየው ራሱ ምን እንደሚያደርግ ይናገራል።

ከአዳራሹ የሚነሣውን ጥያቄ እገምታለሁ። ባንኩ የሚያበድረው የአስቀማጮችን ገንዘብ ነው፤ ልል ሲሆን የሚጎዳው ሌላው ቆጣቢ ነው የሚል። እውነት ነው። ሌላም ከባድ ጥያቄ አለ። የተመዘገበው አብዛኛው ሰው እስከ ዛሬ ቤት አላገኘም፤ ላገኘው ድጋፍ መጨመር ካላገኘው መንጠቅ አይሆንም ወይ? ለዚህ ነው ከላይ ተጨማሪ ገንዘብ ያልጠየቅሁት። የጠየቅሁት ያለው ድጋፍ ለትልቅ ተበዳሪ እያዳላ ከሚፈስ እኩል እንዲሆን፣ ዘግይቶ ከሚደርስ በጊዜው እንዲደርስ ነው። የክፍያውን ወር ማዛወር የሚያስከትለው ወጪ አነስተኛ ነው፤ ጎታራውን በጊዜው የሚከፍት ደግሞ ቆጣቢውንም ባንኩንም ያድናል። አራቱ ሐሳቦች የማይመልሱት ጥያቄም አለ፤ የቤቱ ርቀት። ከገበያው በእግር የሚደረስ መኖሪያ በብድር ሰንጠረዥ ብቻ አይገኝም፤ የመሬትና የፕላን ውሳኔ ይጠይቃል።

ለመደምደም፣ አክስቴ ዛሬ በሁለት ወገን የቆሙ ሰው ናቸው። አከራይም ተከራይም ናቸው። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320 ቢያንስ የሁለት ዓመት ውል እንዲኖር ሲደነግግ በአንድ በኩል ጠብቋቸዋል፣ በሌላ በኩል ገድቧቸዋል። ባለፈው ፋሲካ ሰሞን ሾላ ሄጄ ስለዚህ ንግግር ነገርኳቸው። ቅቤ እየመዘኑ ሰሙኝ። «ታዲያ ብድሩ ሲያልቅ ልግባበት ወይስ ልሽጠው?» ብለው ጠየቁኝ። የዛሬ ሃያ ዓመት ገደማ ሲጠይቁኝ ወዲያው መልሼ ነበር። በዚህ ጊዜ ግን መጀመሪያ፣ ሌሊት በስንት ሰዓት እንደሚነሡ፣ በጾሙ ስንት እንደሚሸጡ፣ ተከራዩ እስከ መቼ እንደሚቆይ ጠየቅኋቸው። ሚዛኑን አስቀምጠው፣ ገዢ እየጠበቀ፣ አንድ በአንድ መለሱልኝ። ምክር የሚጀምረው ከዚያ ነበር። የፕሮግራሙም ማሻሻያ ከዚያው ይጀምር እላለሁ።